አካባቢን የማይጎዳ ዳይፐር ምንድን ነው?

ልጅ ሊወለድ ሲል ቤት ውስጥ ከሚነሱ ክርክሮች አንዱ የዳይፐር ነው። አያት «ያረጀ ነጠላ ቀዶ ማዘጋጀት ነው እንጂ» ይላሉ። እናት ተጠቅሞ የሚጣለውን ትመርጣለች። አባት ደግሞ ኦንላይን ላይ «ከቀርከሃ የተሠራ፣ የሚበሰብስ፣ አካባቢን የማይጎዳ» የሚል እሽግ አይቶ ዋጋው ቢያስደነግጠውም ልቡ ከጅሏል።

አካባቢን ጭራሽ የማይጎዳ ዳይፐር የለም። በዚህ ስም የሚሸጡት ጉዳታቸው ይቀንሳል የተባሉት ናቸው። አንዱ ታጥቦ የሚደጋገመው የጨርቅ ዳይፐር ነው። ሌላው የሚጣል ሆኖ ከፕላስቲኩ የተወሰነው በዕፅዋት ውጤት የተተካበት ነው። የሁለቱ ቅልቅልም አለ፤ ሽፋኑ ይታጠባል፣ ውስጡ ይጣላል። የትኛው ይሻላል ለሚለው መልሱ ያለው ከእሽጉ ይልቅ እናንተ ቤት ነው። ውሃችሁ እንዴት ነው? ማን ያጥባል? ቆሻሻችሁስ የት ይሄዳል?

መጀመሪያ ተራውን ዳይፐር እንየው። አንድ ንጹሕ ዳይፐር መሃሉን በመቀስ ቅደዱት። የሕፃኑን ቆዳ የሚነካው ስስ ነገር ጨርቅ ይመስላል እንጂ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ሽንት እንዳያሳልፍ የተደረገው የውጪው ሽፋንም ፕላስቲክ ነው። መሃሉ ከእንጨት የተሠራ ለስላሳ ጭረት ሲሆን፣ በውስጡ እንደ ስኳር የደቀቀ ነጭ ነገር ተበትኖበታል። ትንሽ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ይጠፋና ደቃቁ ነገር አብጦ ይዝለገለጋል። ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ይባላል። ልጁ ሳይረጥብ የሚያድረው በእሱ ነው። የሚሠራው ደግሞ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ ነው።

በቀን በአማካይ 6 ዳይፐር ብትቀይሩ በሁለት ዓመት ተኩል ወደ 5,500 ይጠጋል። ለአንድ ልጅ ብቻ።

የቀርከሃው ዳይፐርስ? ብዙውን ጊዜ ከቀርከሃ የሚሠራው ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ስስ ክፍል ነው። ያም ቢሆን ቀርከሃው በኬሚካል ሟሙቶ ነው ወደ ክር የሚለወጠው። ላስቲኩ፣ ማጣበቂያው፣ ያ ውሃ የሚመጠው ደቃቅ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ነው። «የሚበሰብስ» የሚለውም ቢሆን እንዲበሰብስ ሙቀት፣ አየርና እርጥበቱ የተመጠነ የብስባሽ ማዘጋጃ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ዳይፐር ደግሞ ከሰፈር ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ጋሪ ተነስቶ እንደ ቆሼ ያለ ክምር ውስጥ ነው የሚገባው። ታች የተቀበረው አየር አያገኝም። አየር ሳያገኝ የሚበሰብስ ነገር ሚቴን ያወጣል። ሚቴን አየር ንብረትን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የከፋ ጋዝ ነው። ቆሼ ቆሻሻ ሲከመር ምን እንደሚሆን መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አሳይቶናል። ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ «የሚበሰብስ» ለሚል ጽሑፍ ተጨማሪ ብር አላወጣም።

የጨርቁ ዳይፐር ሌላ ወሬ ነው። የዛሬው፣ እናቶቻችን በመርፌ ቁልፍ ያያይዙት የነበረው ዓይነት የሽንት ጨርቅ አይደለም። ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን አለው፤ ልጁ ሲያድግ የሚሰፋበት ተጫኝ ቁልፍ አለው፤ ውስጡ የሚገባና የሚወጣ መጣጭ ጨርቅ አለው። ደህና ጥጥ ከሆነ ለመጣጩ ያረጀው ነጠላም ይሠራል። አያት ያሉት ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም።

ግን ጨርቅ ስለሆነ ብቻ አያሸንፍም። የእንግሊዝ መንግሥት ይህንን ደጋግሞ አስጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጥናት ሁለቱ ዳይፐሮች አየር ንብረትን በማሞቅ ረገድ ተቀራራቢ ሆነው እንደተገኙ ገልጿል። ልዩነት የሚያመጣው አስተጣጠቡ ነው። በማድረቂያ ማሽን የሚያደርቅ ቤተሰብ የጨርቁን ጥቅም ያጠፋዋል። ማሽኑን ሞልቶ የሚያጥብ፣ በገመድ የሚያሰጣና ለሁለተኛው ልጅ የሚያቆይ ደግሞ ጉዳቱን በብዙ ይቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አዲሱ ጥናት ታጣቢው በዚህ ረገድ በ25 በመቶ ገደማ እንደሚሻል አሳይቷል።

ይህ እኛ ጋ ሲመጣ ለጨርቁ ያደላል። የማድረቂያ ማሽን ያለው ቤት ከስንት አንድ ነው። ፀሐይ በሽ በሽ ነው፤ ነጻም ነው። ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል የሚመጣ ስለሆነ ማሽን ያለውም ቢሆን በከሰል እንደሚሠራ መብራት አይፈረድበትም። ችግሩ ውሃው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሮቶ ለሌለው ሰው፣ «ታጣቢ ግዙ» ማለት ቀልድ ይሆናል።

ውሃ ቆጥቦ የማጠብ ዘዴ ግን አለ። ቆሻሻውን ጨርቅ ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩ፤ ውሃም ያባክናል፣ ሽታውም ይብሳል። ካካውን ሽንት ቤት አራግፉና ክዳን ባለው ባልዲ ደረቁን አስቀምጡት። በየሁለት ቀኑ መጀመሪያ በቀዝቃዛ አለቅልቁ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ አይደፋም፤ ሽንት ቤት ይለቀቅበታል ወይም ለሌላው ዙር የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል። የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ጨርቁ ሽንት መምጠጥ ያቆማል። በረኪናም ላስቲኩን ይጨርሰዋል። መጣጩን ጨርቅ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ነጠብጣቡንም ያነጣዋል። ውሃ የማያሳልፈውን ሽፋን ግን አትቀቅሉት፣ ጥላ ላይ ይድረቅ።

በየሁለት ቀኑ ለማጠብ 20 እስከ 24 መጣጭ ይበቃል። ክረምት ላይ ግን ሐምሌና ነሐሴ ጨርቅ እንደረጠበ ይውላል፣ ያድራልም። ያኔ ጨመር ማድረግ ወይም ከሚጣለው ጋር ማፈራረቅ ነው። ማፈራረቅ ደግሞ ሽንፈት አይደለም። ቤት ሲዋል ጨርቅ፣ ለሌሊትና ለመንገድ የሚጣለውን የሚጠቀም ቤተሰብ ከ6 ዳይፐር 4ቱን ከቆሻሻ ገንዳ ካስቀረ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይም እናትን አታስጨንቁ። አራስ ልጅ የሚያወጣው ጥቁር፣ እንደ ልብ የማይለቅ ካካ ነው፤ እሷም ገና አልተነሳችም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ «አካባቢን እንጠብቅ» ብሎ ጨርቁን የመረጠው አባት ሳፋው ጋ ካልታየ፣ ውሳኔው በእናትና በሞግዚት ጉልበት የተወሰነ ነው።

የሚጣለውን ስትጠቀሙ አጣጣሉም ይቆጠራል። ካካውን መጀመሪያ ሽንት ቤት አራግፉ። ዳይፐሩን ጠቅልላችሁ በራሱ ማጣበቂያ እሰሩት፤ አለበለዚያ የሰፈር ውሻ ዘልዝሎ መንገድ ላይ ይበትነዋል። አታቃጥሉት፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ጭሱ መርዛም ነው። ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥም አትጣሉት። አብጦ ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም፤ ጉድጓዱ ሲሞላ የሚመጣው የመምጠጫ መኪና ቱቦም በእሱ ይደፈናል።