ኮንግስበርግ፦ ከብር ከተማ የሚወጣ ሚሳኤል

ኮንግስበርግ ከኦስሎ በስተደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የኖርዌይ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1624 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብር ስለተገኘባት ነው። በ1814 የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተከፈተባት። የዛሬው ኮንግስበርግ ግሩፕ የዚያ ፋብሪካ ወራሽ ሲሆን፣ ከአክሲዮኑ ከግማሽ በጥቂቱ የሚበልጠው በኖርዌይ መንግሥት እጅ ነው።

በ1980ዎቹ ፋብሪካው ሊከስም ደርሶ ነበር። ኪሳራው ሳያንስ ቅሌት ተጨመረበት። የጃፓኑ ቶሺባ ማሽን ለሶቪየት ኅብረት የሰርጓጅ መርከብ ፕሮፔለር መቅረጫ ማሽን ሲሸጥ፣ የማሽኑን መቆጣጠሪያ ያቀረበው ኮንግስበርግ ነበር። በ1987 ጉዳዩ አደባባይ ሲወጣ ዋሽንግተን ቱግ አለች። ፋብሪካው ተበታተነ፤ የመከላከያው ክፍል ግን ተረፈ። ዛሬ የዚሁ ኩባንያ ዋና ሸሪክ የአሜሪካው የጦር መሣሪያ አምራች ሬይቴዮን ነው። ጊዜ የማያስታርቀው የለም!

ሽርክናው ጎልቶ የሚታየው ናሳምስ በሚባለው የአየር መከላከያ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሚሳኤሉ የኖርዌይ ይመስለዋል። አይደለም። ሚሳኤሉ አምራም የተባለው፣ መጀመሪያ ለተዋጊ ጄት የተሠራው የሬይቴዮን ምርት ነው። ራዳሩም የሬይቴዮን ነው። ኮንግስበርግ የሚያቀርበው ማስወንጨፊያውንና ሁሉን የሚያዘውን ማዕከል ነው። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ለጄቶቹ አምራም የገዛ አገር ያንኑ ሚሳኤል ከመሬት ሊተኩሰው ይችላል። ስርዓቱ ከ2005 ጀምሮ የዋሽንግተንን ሰማይ ይጠብቃል። ስፔን፣ ፊንላንድ፣ ኦማንና አውስትራሊያም ገዝተውታል። ዩክሬን የደረሰው በኅዳር 2022 ነው።

የራሱ የኮንግስበርግ ሚሳኤል ሌላ ነው። ኤንኤስኤም ይባላል፤ መርከብ ይመታል። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ክብደቱ 400 ኪሎ አካባቢ ነው። ከባሕሩ ወለል ብዙም ሳይርቅ ይምዘገዘጋል። ዒላማውን ሲፈልግ ራዳር አያበራም። የሚያየው በሙቀት ካሜራ ነው፤ ያየውንም በማኅደሩ ካለው የመርከቦች ምስል ጋር ያመሳክራል። የራዳር ጨረር ስለማይለቅ የሚመታው መርከብ ቶሎ አይነቃም። ቀዳሚው የኮንግስበርግ ሚሳኤል ፔንግዊንም ከ1972 ጀምሮ በሙቀት ነበር የሚመራው። ስለዚህ ሙያው የቆየ ነው።

የመጀመሪያዋ የውጭ ገዢ ፖላንድ ስትሆን፣ ሚሳኤሉን የገዛችው የባሕር ዳርቻዋን ለመጠበቅ ነበር። በ2018 የአሜሪካ ባሕር ኃይል መረጠው። በወረቀት ላይ ግን የባሕር ኃይሉ ሻጭ ኮንግስበርግ ሳይሆን ሬይቴዮን ነው፤ አሜሪካዊው ከአሜሪካዊ ይገዛል። ከጀርመን ጋር ደግሞ ነገሩ ሰጥቶ መቀበል ነው። ኖርዌይ ከጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ትገዛለች፣ ጀርመን ከኖርዌይ ሚሳኤል። አሁን ሁለቱ አገሮች ቲርፊንግ የሚሉትን ከድምፅ የሚፈጥን ሚሳኤል አብረው እየሠሩ ነው፤ ለ2035 ታቅዷል። ጄኤስኤም የሚባለው የኤንኤስኤም ታናሽ ወንድም ደግሞ ኤፍ-35 ጄት ሆድ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቀድማ ያዘዘችው ጃፓን ናት።

ኖርዌይ ከ1959 ጀምሮ ጦርነት ላይ ላለ አገር መሣሪያ አልሸጥም የሚል ፖሊሲ አላት። ኩባንያዎቿ በቀጥታ ለዩክሬን እንዲሸጡ የተፈቀደው በ2024 መጀመሪያ ነው።

የዛሬው ራስ ምታት ገዢ ማጣት አይደለም፤ ለገዢው ቶሎ ማድረስ ነው። በሰኔ 2024 በኮንግስበርግ አዲስ የሚሳኤል ፋብሪካ ተመረቀ። በዚያው ዓመት አንድ በአውስትራሊያ ኒውካስል፣ አንድ በአሜሪካ ቨርጂኒያ እንደሚገነባ ተገለጸ። ደንበኛው እቃውን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም አገሩ ይፈልጋል፤ ለኒውካስሉ ፋብሪካ የአውስትራሊያ መንግሥት 850 ሚሊዮን የአገሩን ዶላር መመደቡም ለዚህ ነው።