«ክትባት ወይስ ምርመራ?» ስለ ወረርሽኝ በተሳሳተ መንገድ የምናምናቸው ነገሮች

ኮሮና ከመጣ ጀምሮ አንድ ክርክር አልበርድ ብሏል። ገንዘቡና ጉልበቱ ክትባት ፍለጋ ላይ ይዋል ወይስ ሰውን በብዛት መመርመር ላይ? ክርክሩ ሁለቱን ተፎካካሪ ያደርጋቸዋል። ደጋግመው የሚነሱት ምክንያቶች ግን ውሃ የሚያነሱ አይደሉም።

«ምርመራ ማንንም አያድንም»

ናሙና መስጠት በሽታውን አይፈውስም፣ ይሄ ልክ ነው። ግን መያዙን ያወቀ ሰው ቤቱ ሲቀመጥ ከሱ ሊይዛቸው የነበሩ ሰዎች ይተርፋሉ። ሳርስ የተባለው የኮሮና ዘመድ የሆነ የመተንፈሻ አካል በሽታ 8 ሺህ ገደማ ሰው ይዞ፣ ከ770 በላይ ገድሎ እ.ኤ.አ. በ2003 የቆመው ያለ ክትባት ነው። ታማሚው እየተለየ፣ ንክኪ ያላቸው ሰዎች ክትትል እየተደረገባቸው ነው የቆመው። ኮሮና እንደዚያ በቀላሉ እጅ ያልሰጠው ምልክት ሳያሳይም ስለሚተላለፍ ነው፤ ትኩሳት እየለኩ ብቻ የማይያዝ በሽታ ደግሞ ምርመራን ይበልጥ ይፈልጋል እንጂ ከንቱ አያደርገውም።

«ክትባቱ ላይ ብቻ ብናተኩር ቶሎ እንገላገል ነበር»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ክትባት መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በምርመራ ነው!

የፋይዘርና የባዮንቴክን ሙከራ እንይ። ከ43 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች ተሳተፉ። ግማሾቹ ክትባቱን ተወጉ፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ ብቻ፤ ማን የትኛውን እንደተወጋ ራሳቸው አያውቁም። ከዚያ ወደ ኑሯቸው ተመለሱ። አንዱን ሲያስለው ወይም ሲያተኩሰው ናሙና ይሰጣል፣ ናሙናው በፒሲአር፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልግ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ይታያል። በመጨረሻ 170 ሰዎች በኮሮና መታመማቸው ተረጋገጠ። ከነዚህ ውስጥ 162ቱ የጨው ውሃ የተወጉ ናቸው፣ ክትባቱን የተወጉት 8 ብቻ። ያ ዓለም ሁሉ ያወራለት «95 በመቶ» የመጣው ከዚች ስሌት ነው። ምርመራ ባይኖር ያ ሁሉ ሳል ተራ ጉንፋን ይሁን ኮሮና ማን ይለየው ነበር?

ፍጥነቱንም እንይ። የቫይረሱ የዘረመል መረጃ ይፋ የሆነው በጃንዋሪ 2020 ነው። ማርች 16 ላይ የሞደርና ክትባት ለሙከራ ሰው ላይ ተወጋ፣ ዲሴምበር 8 ደግሞ ብሪታንያ የፋይዘርን ለሕዝብ መስጠት ጀመረች። ከዚያ በፊት ፈጣን የሚባለው የጆሮ ደግፍ ክትባት እንኳ 4 ዓመት ገደማ ወስዷል። እንዲህ ተሮጦም ወደ 11 ወር ያለ ክትባት መኖር ነበረብን፤ በዚያ ጊዜ ቫይረሱ የት እንዳለ የሚያሳየን ምርመራ ብቻ ነበር።

«ቁጥሩ የጨመረው ብዙ ሰው ስለተመረመረ ነው»

ምርመራ ያልነበረ በሽተኛ አይፈጥርም። ከተመረመሩት መቶ ሰዎች ስንቱ ተያዘ የሚለውን እዩ። ምርመራው በዝቶ ይሄ ድርሻ ከወረደ ጥሩ ነው፤ አብሮ ከወጣ ግን በሽታው በእርግጥም እየተስፋፋ ነው።

«ሁሉንም ሰው አንዴ መርምሮ መገላገል ነው»

ስሎቫኪያ በ2020 መገባደጃ ሞክራዋለች። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ሰው መረመረች፣ 1 በመቶ ገደማው ተገኘበት። ስርጭቱ ለጊዜው ቀነሰ፣ በክረምቱ ግን ተመልሶ አገረሸ። የዛሬ ውጤት የሚናገረው ስለ ዛሬ ነው። ደግሞ ቤት ከዋለ ገቢው የሚቋረጥበትን ሰው «ተይዘሃል፣ አትውጣ» ብሎ ብቻ መሸኘት የትም አያደርስም። በኔ እይታ ብዙ ቦታ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

«ክትባቱ ከመጣ ወዲያ ምርመራ ለምኔ?»

በኖቬምበር 2021 የደቡብ አፍሪካ ላቦራቶሪዎች አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ፒሲአሩ ከሚፈልጋቸው የቫይረሱ ክፍሎች አንዱ በብዙ ናሙናዎች ላይ አልታይ አለ። ተከታትለው የዘረመል ቅደም ተከተሉን ሲያነቡ አዲስ ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ ኦሚክሮን። ክትባት አምራቾቹ ኦሚክሮንን ጭምር እንዲመለከት አድርገው ያሻሻሉት ክትባት በ2022 ሲፈቀድ፣ ነገሩ የተጀመረው ከእነዚያ ናሙናዎች ነው።