«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ»፦ ከሙቀጫ እስከ ካርድ

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣
አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።»

ተረቱ የጓዳ ነው። እንግዳ ተጠርቷል፣ ድስቱ ተጥዷል፣ ቁሌቱ እየተንጫጫ ነው፤ የተደቆሰው በርበሬ ግን ለወጡ አይበቃም። ሙቀጫ ጊዜ ይፈልጋል፣ እሳት አይጠብቅም። የአባባሉ ክብደት ያለው «መደቆስ» ላይ ሳይሆን «መጥኖ» ላይ ነው፤ ወጥ ሠሪዋ ደቁሳለች፣ አልመጠነችም እንጂ። ምክሩ ራሱ ሁልጊዜ የሚነገረው ድስቱ ከተጣደ በኋላ መሆኑ ግን ያስቀኛል።

ለእኔ ይህ ተረት ፍንትው ብሎ የታየኝ በካርድ ጨዋታ ነው። ሪቻርድ ጋርፊልድ በፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ውስጥ «ድራጅ ስኬለተንስ» የተባሉ አጽሞች አሉ። ጉልበታቸው 1፣ ጽናታቸውም 1 ነው። አንድ ጥቁር ማና (ከመሬት ካርዶች የሚገኝ የአስማት ኃይል) ሲከፈልላቸው ግን ያገግማሉ።

ማገገም የሚለው ስም ያሳስታል። ሙት ማስነሳት ይመስላል፤ በደንቡ ግን አስቀድሞ የሚነሳ ጋሻ ነው። ባላጋራዬ 3 ጉዳት የሚያደርስ መብረቅ ሲወረውርብኝ፣ መብረቁ ሳያርፍ ማናዬን መክፈል አለብኝ። ያን ጊዜ አጽሙ በመጥፋት ፈንታ ጉዳቱ ይነሳለታል፣ ካርዱ ወደ ጎን ይዞራል፣ ውጊያ ላይ ከነበረም ከውጊያው ይወጣል። መቃብር ከገባ በኋላ አሥር ማና ብከፍል ጋሻው አይመልሰውም። ጋሻው ተራው ሲያበቃ ስለሚጠፋም ዛሬ ደቁሶ ለነገ ማስቀመጥ የለም። አምስት መሬት ያለው ብልህ ተጫዋች በአራቱ ይጫወትና ጥቁር ማና የምትሰጠውን አንዷን ረግረግ ሳይነካ ይተዋታል። መመጠን ማለት ይቺ ናት። እኔ ግን ያቺን አንዲት ማና ለሌላ ነገር አውጥቼ ስንት ጊዜ አጽሜን ቀብሬያለሁ!

መጥኖ የደቆሰም የማይድንበት አለ። «ራዝ ኦፍ ጎድ» የተባለው ካርድ ፍጡራንን ሁሉ ያጠፋል፣ ማገገምንም ይከለክላል። «ሶርድስ ቱ ፕላውሼርስ» ደግሞ ፍጡሩን ሳይገድል ከጨዋታው ስለሚያስወጣው ጋሻው የሚመክተው ነገር አያገኝም።

ደንቡ ግን ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 ከስድስተኛው እትም ጋር እስኪለወጥ ድረስ፣ ጉዳቱ ከታየ በኋላ ማገገሚያ የሚከፈልበት ራሱን የቻለ ጊዜ ነበረ። በእነዚያ ዓመታት ድስት ጥዶ ማልቀስ ያዋጣ ነበር።