በሕመም ምክንያት ሊዝ ማቋረጥ ምንድን ነው?

«የዶክተር ወረቀት ካለህ ሊዙ፣ ማለትም የቤት ኪራይ ውሉ፣ አበቃለት፤ ቁልፉን አስረክበህ ውጣ።» እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ይህን ስሰማ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ በቪዲዮ በልበ ሙሉነት ሲያስተምረው አየሁና አላስቻለኝም። ወንድሜ፣ እንደዚያ አይደለም።

የሜሪላንድ ሕግ የሚለው ሌላ ነው። ውሉን የፈረመው ሰው ወይም የትዳር ጓደኛው በጤናው ምክንያት ቤቱ ውስጥ መንቀሳቀስ ወይም መግባትና መውጣት በጣም ከከበደው፣ አልያም የተሻለ እንክብካቤ ወደሚያገኝበት ቦታ መዛወር ካለበት፣ የሚጠየቀው ኪራይ ከወጣበት ቀን በኋላ ከሁለት ወር አይበልጥም። በቃ። ሕጉ ለዕዳው ጣሪያ ያበጃል እንጂ ዕዳውን አይሰርዝም። ሁለቱ ወር የሚቆጠረውም ከወጣችሁበት ቀን ነው፣ ወረቀቱ ከተጻፈበት አይደለም።

እቁብ አስቡ። ዕጣ ቀድሞ የደረሰው ሰው መሃል ላይ ታመመ። ታመመ ተብሎ እቁቡ አይበተንም። ደግ ዳኛ ግን «እስከዚህ ክፈል፣ ከዚያ ወዲያ አንይዝህም» ይለዋል፣ ምትክም ያፈላልጋል። የሜሪላንድ አከራይም ቤቱን ባዶ አስቀምጦ ኪራይ መቁጠር አይችልም። ሌላ ተከራይ ለማግኘት ተገቢ ጥረት ማድረግ አለበት፤ ይህን ግዴታ በውል ላይ አስፈርሞ ማስቀረትም አይችልም። ምትኩ ቶሎ ከገባ ሁለት ወር ሙሉ አትከፍሉም ማለት ነው።  ያም ሆኖ አከራዩ ሌሎች ባዶ ቤቶች ካሉት የእናንተን አስቀድሞ እንዲያሳይ አይገደድም።

የዶክተሩ ወረቀትስ ምን ይበል? «ሕመምተኛ ስለሆኑ ትብብር ይደረግላቸው» የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። ሐኪሙ ሁኔታው ከቤቱ ጋር ለምን እንደማይሄድ መጻፍ አለበት። የበሽታውን ታሪክ በሙሉ መዘርዘር አያስፈልገውም። እናንተም ለመውጣት ያሰባችሁበትን ቀን ጠቅሳችሁ አከራዩን በጽሑፍ አሳውቁ። ለቢሮዋ ልጅ በቃል መንገር አይቆጠርም።

በጣም የሚያበሽቀኝ የእናቶች ጉዳይ ነው። ልጅ ሊዙን ይፈርማል፣ እናቱን ከአገር ያመጣና ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ጉልበታቸው እምቢ ሲል ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ «ወረቀት አምጣ» ይለዋል። ይህ ሕግ የሚናገረው ስለ ፈራሚውና ስለ ትዳር ጓደኛው ነው። ለእናት ያለው በር ሌላ ነው፤ በ1988 የተሻሻለው የፌዴራል የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ። በእሱ መሠረት አካል ጉዳት ላለበት የቤቱ ነዋሪ ተመጣጣኝ ማስተካከያ ይጠየቃል፤ ወደ ምድር ቤት መዛወር ወይም ውሉን ቀድሞ መጨረስ ሊሆን ይችላል። አከራዩ ሁሉንም እሺ ማለት የለበትም፣ ጉዳዩ በየራሱ ይታያል። ስለዚህ ጠይቁና መልሱን ጠብቁ፤ ዕቃ ጭኖ ከወጡ በኋላ መጠየቅ ከባድ ነው።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ፣ የሁለት ወሩ ጣሪያ የሜሪላንድ ነው፣ የእናንተን ግዛት ሕግ ለብቻው አስጠይቁ። ከመውጣታችሁ በፊት የተጠራቀመ ኪራይና በቤቱ ላይ የደረሰ ጉዳትም በዚህ ጣሪያ ስር አይገቡም። ዲፖዚቱ (ስትገቡ ያስያዛችሁት ገንዘብ) በሜሪላንድ በ45 ቀን ውስጥ ይመለሳል፣ ከተቀነሰበትም ዝርዝሩ በፖስታ ይላካል። ታሞ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳዋልና፣ አዲሱን አድራሻችሁን በጽሑፍ ስጡ።