«ምን ፈልጎ ነው በይው» ለምትሉ ሰዎች

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ፣ ስራዬ ከቢሮ ቢሮ መዞር ነው፣ እና መስማት ስለተሳናቸው ሰዎች የምሰማው ነገር አሁንስ ታከተኝ።

«መስማት ካልቻለ መናገርም አይችልም»፦ ውሸት። ብዙዎቹ ጉሮሯቸው ጤነኛ ነው፣ ድምፅ አውጥተው የሚያወሩም አሉ፣ ስለዚህ ዲዳ ማለቱን ተዉት። ደንቆሮማ ስትጣሉ የምትሰዳደቡበት ቃል ነው፣ ምን ይነገራል።

«ጮክ ካልኩ ይሰማኛል»፦ ስትጮህ ከንፈርህ ይጣመማል፣ ከንፈር ማንበብ የሚችለውም ግራ ይገባዋል። ያተረፍከው ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሰውየውን ጉዳይ እንዲሰማ ማድረግ ነው።

«የምልክት ቋንቋ የትም አንድ ነው፣ እጅ ማወናጨፍ ነው»፦ እንግሊዞችና አሜሪካኖች እንኳን የምልክት ቋንቋቸው ለየቅል ነው። የኛም የራሱ ሰዋስው አለው፣ ፊደላችንን ሳይቀር በእጅ እንጽፋለን፣ የጣቶቹ ቅርፅ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የቱ እንደሆነ ይናገራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምረዋል እኮ!

«አስተርጓሚ ካለ ለሷ መንገር ነው»፦ እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ አናጢ ይዤ አንድ መስሪያ ቤት ሄድኩ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላችን ያሉትን ሰውዬ «አባባ አረፍ ይበሉ» ያለችው ልጅ ወደኛ ስትዞር እኔን እያየች «ምን ፈልጎ ነው? መታወቂያ ይዟል?» አለችኝ። ባንዴ አንቱታው ጠፋ! እኔ እንዳለ ተረጎምኩት፣ እሳቸው በምልክት «እኔ እዚህ ነኝ» አሉ፣ አስተርጓሚ በባለጉዳዩ አፍ ስለሚያወራ እኔም «እኔ እዚህ ነኝ» አልኳት። «አንቺንማ እያየሁሽ ነው» አትለኝም!

አንቱታ ለጆሮ ሳይሆን ለሰው ነው፣ ደሞ ባይሰሙም ፊታችሁን ያነባሉ፣ ማንን እያያችሁ እንደምታወሩም ያያሉ። ስለዚህ እሳቸውን እያያችሁ «ምን ልታዘዝ?» በሉ፣ የኔን ስራ ለኔ ተዉልኝ። ለመጥራት ትከሻቸውን ቀስ አድርጎ መንካት ወይ እጅ ማውለብለብ ይበቃል፣ እስክሪብቶ መወርወር ምን የሚሉት ነው? ስታወሩ አፋችሁን በእጃችሁ አትሸፍኑ፣ መስኮት ጀርባችሁ አድርጋችሁም አትቁሙ፣ ፊታችሁ ይጨልማል። እና ደሞ «ይሄን እንኳን አትንገሪው» የምትሉኝ ነገር አለ፣ እሱንም እተረጉመዋለሁ።