«የበላበትን ወጪት ሰባሪ» የሚባለው ማን ነው?

ሥራ ለቆ ሌላ ቦታ የተቀጠረ ወጣት በአለቃው አፍ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ሲባል ሰማሁ። ልጁ የሠራበትን ተቀብሎ፣ ንብረት አስረክቦ፣ ተሰናብቶ ነው የወጣው። ምኑን ሰበረ?

ወጪት፣ ማለትም ወጥ የሚቀርብበት የሸክላ ዕቃ፣ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ቆፍራ ታመጣለች፤ ትወቅጠዋለች፤ ትነፋዋለች፤ በውኃ ለውሳ ታሸዋለች። ከዚያ በእጇ እያድቦለቦለች ታበጀዋለች። በጥላ ይደርቃል፤ በእሳት ይተኮሳል፤ ከእሳቱ ተሰንጥቆ የሚወጣም አይጠፋም። የተረፈውን አዝላ ገበያ ትወርዳለች። ይህችው ሴት በብዙ አካባቢ «ቡዳ» እየተባለች ከማዕድ ትገለል ነበር። ስለ ወጪት ውለታ ከተነሳ መጀመሪያ የተበደለችው እሷ ናት።

በልጅነቴ ድግስ ሲደገስ የአንድ ቤት ዕቃ ስለማይበቃ ጎረቤቱ ሁሉ ያውስ ነበር። እናቴ የእሷ ከሌላው እንዳይቀላቀል ክዳኑ ላይ ቀይ ክር ታስርበታለች። ሰው የሚስተናገደው በተራ ነው፤ ቄሶችና ሽማግሌዎች ቀድመው፣ እኛ ልጆች መጨረሻ። ያው ወጪት ከጠገበው እጅ ወደ ራበው ያልፋል። የአባባሉ ምንጭ ከዚህ ከድግሱ ተራ ይመስለኛል። ባይሆንማ «የሰው ወጪት ሰባሪ» ማለት በበቃ ነበር። «የበላበትን» የተባለው ሰውዬው ጠግቦ ስለሰበረ ነው፤ ከባለቤቷም ይበልጥ የተጎዳው ደጅ ቆሞ ተራውን የሚጠብቀው ነው።

ድግሱ ሲያልቅ ዕቃው ታጥቦ ይመለሳል፤ ባዶውንም አይሄድም፤ ቆሎም ቢሆን፣ ቁራሽ ዳቦም ቢሆን ይያዝበታል። አድራሾቹ እኛ ልጆች ነበርን። የተዋሰችው ሴት በሩ ድረስ ወጥታ «እጇን ቁርጥማት አይንካው በላት» ትለኛለች፤ እኔም ምርቃቱን ቃል ሳላጎድል ለእናቴ አደርሳለሁ። ማመስገንን የተማርኩት እንዲህ ነው፦ የበሉበትን በማጠብ፣ የተዋሱትን ባዶ ባለመመለስ፣ ያበሰለችውን ከማዕዱ ሳይነሱ በመመረቅ። ዛሬ ማታ እራት ላይ ሊጀመር የሚችል ነገር ነው።

አሁን ግን አባባሉ የሰጪ ዱላ ሆኗል። ዘመድ ያሳደገውን ልጅ ዝም ያሰኝበታል፤ ሹም ጥያቄ ያነሳበትን ይመታበታል፤ ቀጣሪ ደመወዝን እንደ ግብዣ ቆጥሮ ያነሳዋል። ደመወዝ የላብ ዋጋ ነው፤ ማንም ለማንም ያበላው ድግስ አይደለም። ባደግሁበት ቤት ደግሞ ያበላ ሰው ራሱ ስለ ማብላቱ ማውራት ነውር ነበር። ጠጥቶ ሲጠግብ ምንጩን የሚያደፈርስ አለ፤ ተምሮ የወጣበትን ክፍል ወንበር የሚሰባብር አለ፤ ሁለቱም ከኋላቸው ተራ ጠባቂ አላቸው። ስድቡ የተሠራው ለእነሱ ሆኖ ሳለ፣ እነሱ ሲያልፉ አባባሉን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አልሰማም።