ጠጠር ሰጥሞ መርከብ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው? ስለ መንሳፈፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፈሳሽ ውስጥ የገባ ማንኛውም አካል፣ ካፈናቀለው ፈሳሽ ክብደት ጋር እኩል በሆነ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን በሲራኩስ የኖረው አርኪሜድስ የደረሰበት ሕግ ይህ ነው። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። አካሉ አሁን የያዘው ቦታ ቀድሞ በውሃ የተሞላ ነበር፤ ያም ውሃ ሳይወርድም ሳይወጣም ባለበት የቆየው ዙሪያው ያለው ውሃ ክብደቱን ስለተሸከመለት ነው። ቦታውን ብረት ቢይዘውም እንጨት ቢይዘውም ዙሪያው ያለው ውሃ የሚገፋው በዚያው መጠን ነው። ሕጉን በቃላችን ይዘን እንኳ ከእሱ ጋር የማይሄዱ ግምቶችን ስንደጋግም እንገኛለን።

"ከባድ ነገር ይሰጥማል፣ ቀላል ነገር ይንሳፈፋል"

ጠጠር ይሰጥማል፤ መቶ ሺህ ቶን የሚመዝን መርከብ ይንሳፈፋል። ወሳኙ አካሉ ስንት ይመዝናል የሚለው ብቻ ሳይሆን ከያዘው ቦታ አንጻር ስንት ይመዝናል የሚለው ነው፤ እፍግታ የምንለውም ይህንኑ ነው። (ክብደት በኃይል መለኪያው በኒውተን መለካት ነበረበት፤ ለማነጻጸር እንዲቀል ግን በኪሎ ግራም እቀጥላለሁ።) 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 1 ሊትር ቦታ የሚይዝ ብረት ደግሞ 7.9 ኪሎ ግራም ገደማ። ድፍኑ ብረት ሲጠልቅ የሚያፈናቅለው ውሃ 1 ኪሎ ብቻ ስለሆነ የሚያገኘውም ድጋፍ 1 ኪሎ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይሰጥማል። ያንኑ ብረት ጠፍጥፈን ሰፊ ጎድጓዳ ዕቃ ብናደርገው ግን ጠርዙ ከመጥለቁ በፊት 8 ሊትር ውሃ ማፈናቀል ይችላል፤ ይንሳፈፋል። ክብደቱ አንዲት ግራም አልቀነሰም።

ፈሳሹም ራሱ መረሳት የለበትም። የ1 ሊትር ሜርኩሪ ክብደት 13.5 ኪሎ ግራም ነው፤ በውስጡ ድፍን ብረት ቀርቶ እርሳስ እንኳ ይንሳፈፋል። ወርቅ ግን በሊትር 19.3 ኪሎ ስለሆነ ሜርኩሪም አያድነውም። የባሕር ውሃ ከንጹሕ ውሃ በ2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል፤ ከባሕር ወደ ወንዝ የሚገባ መርከብ ትንሽ ዝቅ የሚለው በዚህ ነው። በጭነት መርከቦች ጎን ላይ ለባሕርና ለንጹሕ ውሃ የተለያዩ የጭነት መስመሮች የሚሣሉትም ለዚሁ ነው።

"መርከብን የሚያንሳፍፈው በውስጡ ያለው አየር ነው"

ይህ አባባል አየርን ያልሠራውን ሥራ ሠርቷል ያሰኛል። መርከቡን የሚደግፈው ከውጭ ያለው ውሃ ነው። የአየሩ ጥቅም ቀላል ሆኖ ቦታ መያዙ ነው፤ ውሃ ገብቶ ያንን ቦታ ቢይዘው ክብደቱ በብዙ ይጨምር ነበር። እንዲያውም የመርከቡ አካል ሳይጨፈለቅ አየሩን በሙሉ መምጠጥ ቢቻል፣ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ ያህል ስለሚቀልለት በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይንሳፈፍ ነበር።

"የሰጠመን ነገር ውሃው አይደግፈውም" ወይም "ውሃ ውስጥ ክብደት ይቀንሳል"

ሁለቱም አንድ ላይ ቢታዩ ይሻላል። 1 ኪሎ ግራም ብረት በባለ ሞላ ሚዛን አንጠልጥለን ውሃ ውስጥ ብንከተው ሚዛኑ 870 ግራም ገደማ ያነባል። ብረቱ ከመስጠም ባይድንም ከውሃው የ130 ግራም ድጋፍ አግኝቷል። የመሬት ስበት ግን ብረቱን ቀድሞ በሚስበው ልክ መሳቡን አላቆመም፤ ክብደቱ ያው ነው። የቀነሰው ሚዛኑ የሚሸከመው ድርሻ ነው።

ታዲያ 130 ግራሙ የት ሄደ? አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የውሃው ዕቃ በሌላ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ብረቱ የዕቃውን ወለል ሳይነካ ገና ተንጠልጥሎ ሳለ ያ ሚዛን 130 ግራም ጨምሮ እናይ ነበር። ውሃው ብረቱን ወደ ላይ ሲገፋ ብረቱም ውሃውን በእኩል ኃይል ወደ ታች ይገፋዋል። ለማረጋገጥ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፦ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ብርጭቆውን ሳይነኩ ጣትን ውሃው ውስጥ መክተት ይበቃል። ቁጥሩ ይጨምራል፤ ጭማሪው ጣት ያፈናቀለው ውሃ ክብደት ነው።

"በጠለቅን ቁጥር ውሃው ወደ ላይ የሚገፋን ኃይል ይጨምራል"

የሚጨምረው ግፊት ነው፤ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል። ነገር ግን ግፊቱ ከሥርም ከላይም አብሮ ይጨምራል። ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የሚመጣው ከሁለቱ ልዩነት ስለሆነ፣ ጎኖቹ 10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ጠንካራ ኩብ በ2 ሜትርም በ200 ሜትርም ጥልቀት የሚያገኘው ድጋፍ የዚያው የ1 ሊትር ውሃ ክብደት ነው።

ለሚጨመቅ ነገር ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከውሃው ገጽ ወደ ታች የወረደ የአየር ከረጢት 10 ሜትር ጥልቀት ሲደርስ ይዘቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ያፈናቀለው ውሃ ሲያንስ ድጋፉም ያንሳል። ጠላቂ ዋናተኞች ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ጃኬታቸው ውስጥ አየር የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

"ትልቅ ነገር ለማንሳፈፍ ብዙ ውሃ ያስፈልጋል"

ተፈናቀለ የምንለው ውሃ በቦታው ኖሮ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። የመርከቡን ቅርጽ ይዞ በተሠራ ጠባብ ገንዳ ውስጥ፣ በመርከቡና በግድግዳው መካከል ስስ ውሃ ብቻ ቢኖርም ከፍታው በቂ እስከሆነ ድረስ መርከቡ ይንሳፈፋል።

"ተንሳፋፊ በረዶ ሲቀልጥ የብርጭቆው ውሃ ከፍ ይላል"

አይልም። በረዶው ያፈናቀለው ውሃ ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር እኩል ነው፤ ሲቀልጥ ያንኑ ቦታ ልክ ይሞላል። (በጨው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ንጹሕ በረዶ ከሆነ ግን ጥቂት ከፍታ ይጨምራል።) የባሕር ወለልን በእጅጉ ከፍ የሚያደርገው እንደ ግሪንላንድና አንታርክቲካ በየብስ ላይ የተከመረ በረዶ ሲቀልጥ ነው።

እንቆቅልሽ ለሚወድ፦ ጀልባ ላይ ያለ ድንጋይ ወደ ኩሬው ቢጣል የኩሬው ውሃ ከፍታ ምን ይሆናል? ይቀንሳል። ድንጋዩ ጀልባው ላይ ሳለ የክብደቱን ያህል ውሃ ያፈናቅል ነበር፤ ከሰጠመ በኋላ የሚያፈናቅለው የይዘቱን ያህል ብቻ ነው።

"መርፌም ውሃ ላይ ይንሳፈፋል"

በእርጋታ ከተቀመጠ አዎን፤ ግን የያዘው የውሃው ገጽ ውጥረት ነው፤ ገጹ እንደ ተወጠረ ስስ ሽፋን ይሆናል። ጠብታ ሳሙና ቢጨመር መርፌው ወዲያው ይሰጥማል።

"ሂሊየምን ስበት አይነካውም"

ይነካዋል። አየርም እንደ ውሃ ደጋፊ ነው፦ 1 ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን ያንኑ ቦታ የያዘ ሂሊየም 0.2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። በሂሊየም ጋዝ የተሞላን ፊኛ የሚያነሣው የሁለቱ ልዩነት ነው። አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ የሂሊየም ፊኛ እንደ ድንጋይ ይወድቃል።

ጨረቃ ከተነሣች አይቀር፦ እዚያ በታሸገ አዳራሽ ውስጥ ገንዳ ቢኖርና እንጨት ቢንሳፈፍበት፣ ስበቱ የምድር አንድ ስድስተኛ ቢሆንም ከፍ ብሎ አይንሳፈፍም። የእንጨቱም የውሃውም ክብደት እኩል ስለሚቀንስ የሚጠልቀው ክፍል ያው ነው። ምድርን በሚዞር የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ግን ሁሉም ነገር አብሮ በነጻ ስለሚወድቅ ሽቅብ የሚገፋ ኃይል ጨርሶ የለም፤ የአየር አረፋ በውሃ መካከል ባለበት ይቀራል። ስለዚህ እዚያ ፈሳሽን ከጋዝ ለመለየት ለምሳሌ በማሽከርከር የሚሠሩ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ።